አይጧስ ምን ሆነች?

የዱር አይጥን ከወጥመድ አውጥቶ፣ የማጅራቷን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ፣ ነጭ ሳህን ላይ በጥርስ ብሩሽ ጸጉሯን ማበጠር ላላየው ሰው ጨዋታ ይመስላል። ብሩሹ ሁለት ሦስት ጊዜ ጸጉሩን ወደ ላይ ሲገፋው ግን ሳህኑ ባዶ አይቀርም። መጀመሪያ ቡናማ ቁንጫ ይወርድና ሳይያዝ ዘሎ ይሰወራል፤ ቀጥሎ ቅማል እየተንፏቀቀ ይመጣል፤ አቧራ መስሎን የነበረው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቅንቅን መሆኑን እንረዳለን። ጆሮዋን ገለጥ ሲያደርጉት ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ የመዥገር እጮች ጠርዙን ይዘው ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ የተሸከመችው እንስሳ ሚዛን ላይ ስትወጣ 20 ግራም አትሞላም፤ ስትለቀቅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሣሩ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች።

በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ በረዳትነት ጥቂት ወቅቶችን አሳልፌያለሁ። ስለ ሥራው ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወደ ሰው ይተላለፋል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው፤ ከታች በአጭሩ እመለስበታለሁ። ይሁን እንጂ «አይጧስ? እሷን ምን ያደርጋታል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አይጥ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ በሽታን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የምታመላልስ ዕቃ እንጂ ራሷ የምትታመም ፍጡር አይደለችም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ስለ ማን እንደምናወራ ግልጽ ላድርግ። የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ የሚያድግ፣ ካልቆረጠሙ ጥርሳቸው የሚረዝምባቸው አጥቢ እንስሳት አብዛኞቹ፣ ከሜዳ አይጥ እስከ ፍልፈልና ጃርት፣ የአንድ ትልቅ ወገን አባላት ናቸው። ዝርያዎቻቸው ወደ 2,500 ይደርሳሉ፤ ይህም ማለት ከአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች ከ10 ወደ 4 የሚጠጉት እነሱ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚያውቀውና የሚጠላው ግን በዋናነት ሦስቱን ነው፤ የቤት አይጥን፣ ጥቁር አይጥንና ቡናማ አይጥን። እነዚህ ሦስቱ በእህል ጆንያና በመርከብ ከሰው ጋር ዓለምን የዞሩ መጤዎች ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ከየአገራቸው ጫካ፣ ሜዳና በረሃ ወጥተው የማያውቁ ነባሮች ሲሆኑ፣ በሰው ቤት ደጃፍ ሳያልፉ ኖረው ያልቃሉ። የነባሮቹ ሕመም ከመጤዎቹ ሕመም ጋር የሚገናኝበት ቦታ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው፤ እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ነባሮቹ ከገዛ ራሳቸው ተውሳክ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ማየት ይኖርብናል።

የዱር አይጥን ሕመም ማጥናት አስቸጋሪ የሚሆንበት የመጀመሪያው ምክንያት የታመመች አይጥ አለመታየቷ ነው። አቅም ያጣች አይጥ ወይ በጉድጓዷ ውስጥ ትሞታለች፣ ወይ ከጉጉት፣ ከቀበሮ ወይም ከእባብ ማምለጥ ያቅታታል፤ ሬሳዋም ሜዳ ላይ ቢቀር ጉንዳንና ጢንዚዛ ሳያጠፉት ብዙ አይቆይም። ወጥመድ ውስጥ የምናገኛት ወጥታ ለመብላት የቻለችዋን ነው። ስለዚህ ከወጥመድ የሚገኘው መረጃ ሁሉ ከሞት የተረፉትን ብቻ ጠይቆ ስለ ጦርነት እንደመጻፍ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለማለፍ የሚጠቀሙበት ዘዴ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ እያንዳንዷን እንስሳ ምልክት ያደርጉባታል፣ ጠብታ ደምና ጥቂት ኩስ ይወስዳሉ፣ ይለቋታል፣ ከዚያም በየአራት ሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ቦታ ወጥመድ ይዘረጋሉ። ዛሬ ተውሳክ የተገኘባት አይጥ በሚቀጥለው ወር ከጠፋች አንድ ነጥብ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦች ሲጠራቀሙ አንድ ነገር ይናገራሉ።

እኔ ራሴ ከዚህ ትዕግሥት ጋር የተዋወቅሁት በአንድ ስሕተት ነው። ወጥመድ እንድከፍት በተላክሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንደኛው ውስጥ የሞተች አይጥ አገኘሁ። ሆዷን ስንከፍተው አንጀቷ በቀጫጭን ቀይ ትሎች ተሞልቶ ነበር፤ ትሎቹ የምንጭ ሽቦ ይመስል ተጠምጥመዋል። እኔም በማስታወሻዬ ላይ ያለ ምንም ጥርጣሬ «በትል ብዛት የሞተች» ብዬ ጻፍሁ። ሥራውን የሚመሩት ሰው ማስታወሻውን አንብበው ወጥመዱን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ ሲከፍቱት ውስጡ ባዶ ነበር። ማታ ደረቅ ሣር ማስገባት ረስቼ ነበርና አይጧ የሞተችው በብርድ ነው። ትሎቹማ በዚያን ዕለት በሕይወት ከተያዙት በአብዛኞቹ ውስጥም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ እንስሳ ውስጥ ተውሳክ ስለተገኘ ብቻ ለሞቱ ምክንያት ነው የሚል ነገር ሳነብ ያቺ ሣር የሌላት ወጥመድ ትዝ ትለኛለች።

ተውሳኮቹ በአኗኗራቸው በጣም ይለያያሉ። ቅማል ዕድሜዋን ሙሉ ጸጉር ላይ ትኖራለች፤ ቅጫሟንም እዚያው ትጥላለች፤ ከእናት ወደ ልጅ እንጂ ሩቅ አትሄድም። ቁንጫ ግን የጎጆ እንስሳ ናት። አይጧ ላይ የምናያት አዋቂዋን ብቻ ነው፤ እጮቹ ጎጆው ውስጥ፣ ደረቅ ሣሩና ጸጉሩ መካከል፣ ከአዋቂዎቹ ኩስ ጋር የሚወድቀውን የደረቀ ደም እየበሉ ያድጋሉ። አይጥ በአንድ ጎጆ በቆየች ቁጥር ቁንጫዋ ይበዛል፤ ብዙ ዝርያዎችም ጎጆ ይቀያይራሉ። መዥገር ደግሞ ከሁለቱም ትለያለች፤ ለጥቂት ቀናት ተጣብቃ ጠጥታ ትወድቅና ወራትን ሣር ውስጥ ታሳልፋለች። ይህ የአኗኗር ልዩነት ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የትኛው በሽታ በማን ላይ ተሳፍሮ ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ የሚወስነው እሱ ነው።

በውስጥ ካሉት መካከል ደጋግሜ የማስበው በጉበት ውስጥ የሚኖረውን ካፒላሪያ የተባለ ቀጭን ትል ነው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው የጉበቱ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ጉበቱም ላዩ ላይ ነጫጭና ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። የሌሎች ትሎች እንቁላል ከኩስ ጋር ይወጣል፤ የዚህኛው ግን መውጫ በር የለውም። የተሸከመችው አይጥ ካልሞተች ወይም ካልተበላች እንቁላሎቹ ለዘላለም እስረኞች ናቸው። አዳኝ እንስሳ ጉበቱን ሲበላ እንቁላሎቹ በሆዱ ሳይፈጩ አልፈው ከኩሱ ጋር መሬት ላይ ይወድቃሉ፣ ወይም ሬሳው ሲበሰብስ አፈሩ ይቀበላቸዋል፤ አፈር ውስጥ አየር አግኝተው ሳምንታት ከቆዩ በኋላ ሌላ አይጥ ከምግብ ጋር ትውጣቸዋለች። የአንዱ ትውልድ ሕይወት ሙሉ በሙሉ በሌላው ሞት ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ትል የተያዙ ብዙ አይጦች ምንም እንዳልሆኑ ሁሉ ሲሯሯጡ ይገኛሉ።

በመልኩ ብቻ የሚያስደነግጠው ግን የሰሜንና የደቡብ አሜሪካው ኩቴሬብራ የተባለ ዝንብ ነው። ዝንቡ እንቁላሉን በአይጥ ጉድጓድና መተላለፊያ አካባቢ ይጥላል፤ አይጧ በአጠገቡ ስታልፍ የሰውነቷ ሙቀት እንቁላሉን ያስፈለፍለዋል፤ እጩ በአፍ ወይም በአፍንጫ ገብቶ በሰውነቷ ውስጥ ከተጓዘ በኋላ ብዙውን ጊዜ ብሽሽቷ አካባቢ ከቆዳ ሥር ይሰፍራል፣ ለመተንፈሻም ቀዳዳ ይከፍታል። ሦስትና አራት ሳምንት ከቆየ በኋላ ወጥቶ አፈር ሲገባ ክብደቱ ወደ 1 ግራም ይጠጋል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 3 ኪሎ የሚሆን ትል ከብሽሽቱ ሥር ተሸክሞ ሲሄድ እንደማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሳ ፊች የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ እጩን በዚያ ቦታ ሲያገኘው የወንዱን ቆለጥ በልቶ የሚያኮላሽ መስሎት ለአንዱ ዝርያ «አኮላሺው» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ሰጠው። እጩ ቆለጥ አይበላም፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል። ከዚህም የሚገርመው፣ ይህን የሚያህል ነገር የተሸከሙ ነጭ እግር የሚባሉ የዱር አይጦች በተከታታይ ሲጠኑ ካልተሸከሙት ያነሰ ዕድሜ እንደማይኖሩ በተደጋጋሚ መታየቱ ነው። አስቀያሚ ነገር ሁሉ ገዳይ አይደለም።

በተቃራኒው፣ ከላይ ምንም የማይታይበት በሽታ ትልቅ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። የላም ፈንጣጣን እንውሰድ። ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 የክትባትን ሥራ የጀመረበት በሽታ ስለሆነ ላሟ በስሙ ትታወሳለች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ እውነተኛ ቤቱ ግን የአውሮፓ ሜዳና ጫካ ውስጥ ያሉ ነባር አይጦችና ቮል የሚባሉት አጭር ጅራት የሜዳ አይጦች ናቸው፤ ላም የሚይዛት በአጋጣሚ ነው። የተያዘች ቮል ቁስል አይታይባትም፤ አትከሳም፤ ትበላለች። ነገር ግን በሙከራ ሲታይ የተያዙት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱበት ጊዜ ካልተያዙት ከ20 እስከ 30 ቀናት ይዘገያል። ለእኛ ወር ምንም አይደለም። አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለሚያልቁ፣ የመውለጃቸው ወቅትም ጥቂት ወራት ብቻ ለሆነ እንስሳት ግን አንድ ወር መዘግየት አንድ ሙሉ ወሊድ ማጣት ማለት ነው። ይህን የዱሯን አይጥ አንዴ ይዞ፣ «ጤናማ ትመስላለች» ብሎ የሚለቅ ሰው በፍጹም አያየውም።

ፑማላ የተባለውም ቫይረስ እንዲሁ ነው። ስሙን ያገኘው ከፊንላንድ የቦታ ስም ሲሆን፣ የሚኖረው በቀይ ቡናማዋ የጫካ ቮል ውስጥ ነው። ሰውን ኩላሊቱን ያሳምመዋል፤ ቮሏን ግን ምንም አያደርጋትም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ቆይቷል። ፊንላንድ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ምልክት የተደረገባቸውን ቮሎች በረዶው ከመጣሉ በፊትና ከቀለጠ በኋላ ሲቆጥሩ ግን ቫይረሱ ያለባቸው በረዶውን አልፈው የመገኘት ዕድላቸው ያነሰ ሆነ። ቫይረሱ ለብቻው አይገድልም፤ ብርድና ረሃብ ሲጨመሩበት ሚዛኑን ይደፋል። «ጉዳት የለውም» የሚለው ቃል በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ትክክለኛ ትርጉሙ «በደኅና ጊዜ ጉዳቱን አላየንም» መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ነው።

ሌላው በቤተ ሙከራ የማይታየው ነገር ተውሳኮቹ ለብቻቸው አለመኖራቸው ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አቅራቢያ በሚገኘው የኪልደር ደን ውስጥ የሜዳ ቮሎች በየወሩ እየተያዙ፣ ደማቸው ለአራት ተውሳኮች ሲመረመር ዓመታት አልፈዋል፤ ለላም ፈንጣጣ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደ ወባ ለሚኖረው ባቤሲያ፣ እንዲሁም ባርቶኔላና አናፕላዝማ ለሚባሉ ሁለት ባክቴሪያዎች። በ2010 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። አንዲት ቮል አዲስ ተውሳክ የመያዝ ዕድሏን ከዕድሜዋና ከወቅቱ ይልቅ የሚወስነው ቀድሞ በውስጧ ያለው ሌላው ተውሳክ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ ለሚቀጥለው በር ይከፍታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይዘጋል።

የበሩን መዘጋት በግልጽ ያሳየው እዚያው ብሪታንያ ውስጥ በጫካ አይጦች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ለተወሰኑት አይጦች አይቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት ሰጥተው ለቀቋቸው። በአንጀታቸው የላይኛው ክፍል ይኖሩ የነበሩት ትሎች ቀነሱ፤ እዚያው አካባቢ የሚኖረውና ኮክሲዲያ የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ግን በብዙ እጥፍ ጨመረ። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ትሎቹ ተመለሱ፤ ኮክሲዲያውም ወደ ቦታው ወረደ። ተከራዩ ሲወጣ ባዶው ክፍል ባዶ ሆኖ አልቆየም። የዱር እንስሳን መድኃኒት ሰጥቶ ማዳን ቀላል ለሚመስለው ሁሉ ይህ ሙከራ ትንሽ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል።

ቃል በገባሁት መሠረት አሁን ስለ ሰው። አዎን፣ የተወሰኑት ይተላለፋሉ፤ ከሁሉ የሚያስፈሩትም ሃንታ የሚባሉት ቫይረሶች ናቸው። በ1993 በአሜሪካ አራት ግዛቶች በሚገናኙበት ደረቅ አካባቢ ጤናማ የነበሩ ወጣቶች ሳንባቸው በውኃ ተሞልቶ በጥቂት ቀናት መሞት ሲጀምሩ፣ ምክንያቱ ከነባር የዱር አይጥ ሽንትና ኩስ ከአቧራ ጋር የሚነሣ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ የቦታ ስም እንዳይሰጠው ክርክር ስለተነሣም በስፓኒሽ «ስም የለሽ» ተባለ። ስለዚህ ተዘግቶ የቆየ ጎተራ ወይም ጎጆ የሚያጸዳ ሰው በሮቹን ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል አየር ያስገባ፣ ጓንት ያድርግ፣ ኩሱን በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አርሶ በጨርቅ ይጥረግ፤ በደረቁ በመጥረጊያ አይጥረግ። በዚያው አይጥ መንጋ ውስጥ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በሚነካከሱ ወንዶች መካከል መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ቶክሶፕላዝማም አንድ ቃል ልበል፤ ካላነሣሁት መጠየቄ አይቀርምና። ይህ ተውሳክ አይጥ ድመትን እንዳትፈራ ያደርጋታል የሚለው ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ከሁሉም ተውሳኮች በላይ ዝነኛ ነው። በ2000 የታተመው ታዋቂ ጥናት የተያዙ አይጦች ከድመት ሽንት ሽታ የመሸሽ ልማዳቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ጥናቱ የተደረገው ግን በአጥር በተከለለ ቦታ እንጂ በዱር አልነበረም። ታሪኩ ያምራል፤ ማማሩ ግን ያለ መጠን እንዲነገር አድርጎታል።

እስካሁን ያልኋቸው ሁሉ የድሮ ትውውቆች ናቸው። ነባር አይጥና ነባር ተውሳክ ለሺህ ዓመታት ተጎዳኝተው፣ ተጎዳድተው፣ በመጨረሻም ተቻችለው የሚኖሩበት ሁኔታ ነው። ነገሩ የሚለወጠው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ቸነፈርን ስንወስድ ይህ በአንድ ተውሳክ ላይ ሁለቱንም ገጽ ያሳያል። ባክቴሪያውን አሌክሳንደር ዬርሲን በ1894 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለየው፤ የድሮ ቤቱ ግን የመካከለኛው እስያ ሜዳና በረሃ ነው። በካዛኽስታን ያለው ትልቁ የበረሃ አይጥ ከጥንት ጀምሮ ይዞት የኖረ በመሆኑ ብዙዎቹ ይቋቋሙታል፤ ከሶቭየት ዘመን ጀምሮ በተከማቸ የአሥርተ ዓመታት መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታው የሚስፋፋው ሰው የያዘው ቤት በበዛበት ከተማ እንደሚሆነው ሁሉ የተያዙ ጉድጓዶች ብዛት ከአንድ ወለል ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን እየከሰመ ይሄዳል። ይኸው ባክቴሪያ በ1900 በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። ከመጤ አይጦች እነሱም ከአይጥ ወገን ወደሆኑት ነባር የመሬት ስኩዊረሎች፣ ከእነሱም ጉድጓድ ቆፍረው በትልልቅ መንደር ወደሚኖሩት ፕሬሪ ዶግ የሚባሉ የሜዳ እንስሳት ተሻገረ። ስማቸው «ዶግ» ይሁን እንጂ ውሻ አይደሉም፤ ከዚሁ ከአይጥ ወገን ናቸው። አይተውት የማያውቁት ነገር ስለነበረ አልቻሉትም፤ በሽታው የገባበት መንደር ከ90 በመቶ በላይ ነዋሪውን በሳምንታት ውስጥ ያጣል። ማለዳ ላይ በፉጨታቸው የሚናወጥ ሜዳ በወሩ ጸጥ ይላል።

የእነሱ መሞት ሌላውንም አስከተለ። ፕሬሪ ዶግን እየበላ፣ በጉድጓዳቸውም እየኖረ ይተዳደር የነበረው ጥቁር እግር ፌረት የተባለው ትንሽ አዳኝ ጠፍቷል ተብሎ ከተደመደመ በኋላ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ እንደገና ተገኘ፤ ነገር ግን በሽታ ደርሶበት በ1987 የቀሩት 18 ብቻ ተይዘው እንዲራቡ ተደረገ። ዛሬ ያሉት በሙሉ ማለት ይቻላል የሰባቱ ዘር ናቸው። ፌረቶቹ ራሳቸው ሊከተቡ ይችላሉ፤ ፕሬሪ ዶጎቹን ግን በመርፌ መከተብ የማይታሰብ ስለሆነ በየጉድጓዱ የቁንጫ መድኃኒት ይነሰነስላቸዋል፣ በለውዝ ቅቤ የጣፈጠ የሚበላ ክትባትም ሜዳ ላይ ተሞክሮላቸዋል። የሰው ልጅ ለአንድ አይጥ መሰል እንስሳ በለውዝ ቅቤ ክትባት አዘጋጅቶ ሲበትን ማየት፣ ያው ሌላውን በለውዝ ቅቤ ወጥመድ እንደምንይዝ ሳስበው፣ ያስቀኛል።

በብሪታንያና በአየርላንድ ቀዩ ስኩዊረል ያጋጠመውም ተመሳሳይ ነው። በ1876 ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ግራጫው ስኩዊረል ከራሱ ጋር የፈንጣጣ ዓይነት ቫይረስ ይዟል፤ እሱን እምብዛም አያሳምመውም። ቀዩ ግን ዐይኑ፣ ከንፈሩና ጣቶቹ ቆስለው፣ መብላት አቅቶት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ግራጫው ምግቡንና ቦታውን በመሻማት ብቻ ቀዩን ማስለቀቁ አይቀርም ነበር፤ ቫይረሱ ባለበት አካባቢ ግን መተካቱ ከ17 እስከ 25 ጊዜ እንደሚፈጥን ተሰልቷል። በነገራችን ላይ ቀዩ ስኩዊረል የሥጋ ደዌም ይዞት ተገኝቷል፤ የ2016ቱ ጥናት በብራውንሲ ደሴት ካሉት ያገኘው ባክቴሪያ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓን ሰዎች ከያዘው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ማን ለማን እንዳስተላለፈ እስካሁን አከራካሪ ነው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ እንኳ የተከሳሹን ወንበር ከአይጦቹ ጋር ተጋርተናል።

ከሁሉ የከፋው የደረሰው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው የክሪስማስ ደሴት ነው። ደሴቲቱ ሌላ የትም የማይገኙ ሁለት ነባር አይጦች ነበሯት፤ አንዱ ማክሊር የተባለው ረጅም ጅራት፣ ሌላው አጭር ጅራትና ወፍራም ጀርባ ያለው ቡልዶግ አይጥ። ቻርልስ አንድሩስ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከ1897 ጀምሮ ደሴቲቱን ሲያጠና ማክሊሮቹ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ ገብተው ምግብ እስኪቀሙ ድረስ በየቦታው ነበሩ። በ1899 ሂንዱስታን የተባለች መርከብ ከጭነቷ ጋር ጥቁር አይጦችን አራገፈች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነባሮቹ አይጦች በጠራራ ፀሐይ በመንገድ ላይ እየተንገዳገዱ ሲሞቱ ታዩ። ከላይ የታመመች የዱር አይጥ አትታይም ብያለሁ፤ እዚያ ግን በግልጽ ታዩ። በቦታው የነበረ ሐኪም ደማቸውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ትራይፓኖሶም አገኘ፤ ይህም ከብት ላይ ገንዲ ከሚያመጣው ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ በቁንጫ የሚተላለፍና በጥቁር አይጥ ላይ ይህን ያህል ጉዳት የማያደርስ ነው። አንድሩስ በ1908 ተመልሶ ሲፈልግ ከሁለቱም አንድ እንኳ አላገኘም።

ለ100 ዓመት ያህል ነገሩ በጥርጣሬ ቆየ፤ ምናልባት ተጋፍተዋቸው ይሆናል፣ ምናልባትም ተዳቅለው ጠፍተው ይሆናል ተባለ። ትራይፓኖሶሙ ጎልቶ የወጣው በ2008 ሲሆን፣ ያወጡትም የሙዚየም መሳቢያዎች ናቸው። ተመራማሪዎች ደርቀው ከተቀመጡት ቆዳዎች ጥቂት ቅንጣት ወስደው የተውሳኩን ዲኤንኤ ሲፈልጉ፣ መርከቧ ከመምጣቷ በፊት ከተያዙት ነባር አይጦች በአንዱም ላይ አላገኙትም፤ ከመምጣቷ በኋላ ከተያዙት መካከል ግን አገኙት። አንድ ሙሉ የአጥቢ እንስሳ ዝርያ በበሽታ ሊጠፋ እንደሚችል ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁሉ ይህ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው።

በ2022 ደግሞ ሌላ ቡድን ከዚያው የማክሊር አይጥ ቆዳ የተገኘውን ዲኤንኤ ከቅርብ ዘመዱ ከቡናማው አይጥ ጋር እያስተያየ፣ የጠፋ እንስሳን በዘረመል መልሶ መሥራት እስከምን ድረስ እንደሚቻል ሞከረ። አብዛኛው ተገኘ፤ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋው ግን በምንም መንገድ ሊነበብ አልቻለም። ካልተነበበው መካከል የማሽተት ችሎታውን የሚወስኑት ዘረመሎች ይገኙበታል፤ በሽታን የመከላከያዎቹም እንዲሁ።